የአርባ ዘጠኝ ቀን ዝምታ

ብቻውን የከረመ ሰው ጆሮው ይረዝማል። ልብስ ሰፊዋም ይኸው ስድስት ሳምንት አለፋት፣ በሱቋ በር ላይ የሚያልፈውን ኮቴ ሁሉ ስታዳምጥ። ይሄ ባለ ዳቦ ቤቱ ነው፤ ያቺ ተረከዟ የተበላ ጫማ የምታደርገው ተማሪ ናት፤ ይሄኛውስ? እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አንስታ ትንፋሿን ትይዛለች። ኮቴው ያልፋል። እሷም ጨርቁን ወደ መርፌው ገፋ አድርጋ ስፌቷን ትቀጥላለች።

የምትጠብቀው ሰው እንደማይመጣ ታውቃለች። እንዳይመጣ የተስማማችው ራሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ልጆቼ። ሰፊዋና ቀያሹ ከተዋደዱ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። እሱ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ትከሻው ላይ አጋድሞ መንገድ ለመቀየስ አገር ላገር የሚዞር የመሥሪያ ቤት ሰው ነው። የተዋወቁት የሥራ ኮቱ ኪስ ተቀዶ ሊያሰፋ በመጣ ጊዜ ነው። "ኪስህ ውስጥ ድንጋይ ነው እንዴ የምትይዘው?" ብትለው፣ "አዎ" ብሎ እውነትም ሁለት ድንጋይ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረላት። ከዚያ ወዲያ ራቅ ብሎ ለሥራ ሲወጣ ደብዳቤ ይጽፍላት ጀመር። ከደብዳቤው አናት ላይ ቀኑን ሲጽፍ ሰባት ቁጥርን ወገቧ ላይ በአጭር መስመር ያቋርጣታል።

"ሰባትህን ደግሞ ለምንድን ነው ቀበቶ የምታስታጥቃት?" ትለው ነበር።

"ሱሪዋ እንዳይወርድ ነዋ" ይላታል።

እንዲህ ያለ ሰው ነው። የሚያስቅ፣ ግን ቃሉን የሰጠ እንደሆነ የማይነቀነቅ። ችግሩ እናቱ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰው ሁሉ "ዳይሬክተሯ" ነው የሚላቸው። ያስተማሩት ልጅ፣ አንድያ ልጃቸው፣ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች የግንበኛ ልጅ ላግባ ሲላቸው ፊታቸው ጠቆረ። "ልጅቷ ጨዋ ናት፤ አንድም ክፉ ነገር አልሰማሁባትም" አሉ። "ግን ሦስት ወር ሜዳ ከርመህ ስትመለስ ስለ ምን ታወራታለህ? ስለ ቁልፍ?"

ሁለቱም በሚሄዱባት ቤተ ክርስቲያን የቆየ ልማድ አለ። ሊጋቡ የፈለጉ ሁለት ሰዎች ከቤተሰብ ጋር ካልተስማሙ የሰባት ሳምንት የጸሎት ጊዜ ይሰጣቸዋል። በሰባቱ ሳምንት አይገናኙም፣ አይጻጻፉም፣ በሰው በኩል እንኳ "እንደምን ነሽ" አይባባሉም። እያንዳንዳቸው ለየብቻ እግዚአብሔርን ይጠይቃሉ። በአርባ ዘጠነኛው ቀን መልሳቸውን በወረቀት ጽፈው ለመጋቢው ይዘው ይቀርባሉ። ከሁለቱ አንዱ አይሆንም ካለ አይሆንም ነው፤ ዳግመኛ አይጠየቅም።

ሐሳቡን ያነሡት ዳይሬክተሯ ናቸው። "ከእግዚአብሔር ከሆነ ዝምታ አያበላሸውም" አሉ። ቀያሹም፣ ሰፊዋም በሽማግሌዎች ፊት ቃል ገቡ። ሰባት ሳምንት ምን አላት አሉ፤ እሱ ሥራ ሲወጣ ከዚያ የበለጠ ይቆይ የለ? አንድ ነገር ብቻ ዘነጉ። መከራ ቀጠሮ አያከብርም።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ጧት፣ አባቷ ሻይ እየጠጡ ሳለ ኩባያው ከእጃቸው ወደቀ። "ምን ሆንክ አባዬ?" ብላ ቀና ስትል አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተስቦ አየች። አባቷ ግንበኛ ነበሩ፤ ያ ድንጋይ ሲያነሣ የኖረ ቀኝ እጅ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጎረቤት ተሯሩጦ ሆስፒታል አደረሳቸው። ሰፊዋ ሱቋን ዘግታ ከአልጋቸው ሥር ሳትነሣ አምስት ቀን ተቀመጠች። በእነዚያ ቀናት ስንቴ ወረቀት አንሥታ ስንቴ እንዳስቀመጠች እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። አንድ መስመር ብትጽፍለት ይመጣ ነበር። ግን ቃሉን የገቡት ለሽማግሌዎቹ አይደለም፤ ለእግዚአብሔር ነው። አባቷ እንደዚያ ተጋድመው፣ በዚህ ጊዜ ለእግዚአብሔር የገባችውን ቃል ማፍረስ ፈራች።

በሃያ ሦስተኛው ቀን የአባቷን ቅያሪ ልብስ ልትወስድ ወደ ቤት ስትመለስ፣ ከሱቋ አጠገብ ያለው ቁልፍ ቀራጩ ሽማግሌ ከበርጩማው ላይ ሆኖ ጠራት።

"አንቺ ልጅ፣ የት ጠፋሽ? ሰው ከአገር ሲወጣ እንኳ ይሰናበታል።"

"አባዬ ታሞብኝ ነው ጋሼ። ሆስፒታል ነን።"

"ውይ።" ሞረዱን አስቀመጠ። "ያ ብርቱ ሰው? እግዜር ይማረው። እኔም ለካ ዝም ብዬ ነው ስከስሽ የከረምኩት።" ቀጥሎ ምን እንደሚል ግራ ገብቶት ጺሙን አሻሸ። "እንግዲህ ይሄንን ደግሞ አሁን ባታዪው ደስ ባለኝ።"

አየችው። ከሱቋ በር በስተግራ፣ አባቷ ከሠላሳ ዓመት በፊት በእጃቸው ባቆሙት ግድግዳ ላይ፣ የክንድ ያህል ቁመት ያለው ቀይ ቁጥር ተጽፏል። ሃያ ሰባት። ከሥሩ ወደ ውስጥ የሚያመለክት ቀስት። ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ መንገዱ ይሰፋል ከተባለ ቆይቷል። እሷ ግን ቀስቱን አላየችም። ዓይኗ ሰባቷ ላይ ተተክሎ ቀረ። ሰባቷ ቀበቶ ታጥቃለች።

"ማነው የጻፈው?" አለች፣ እያወቀች።

"ማን ይጽፈዋል? ያንቺው ሰው ነዋ። ትናንት ከነጓደኞቹ መጥቶ ሲለካ ዋለ።"

"ምን አለ?"

"ምን ይላል? ዲዳ ሆኖ የለ እንዴ። 'ልጅቷን ምን ልበልልህ?' ብለው ራሱን ነቀነቀ። 'ጉሮሮህን ነው የሚያምህ?' አልኩት። ግድግዳሽን ሲያየው፣ ሲያየው ቆየና ቀለሙን ለቅልቆ ሄደ።" ወደ ራሱ ግድግዳ ጠቆመ። "እኔ ሃያ ስምንት ነኝ። ለእኔስ 'ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ' ብሎኛል። ጨዋ ነው መቸስ።"

ለቁልፍ ቀራጩ ይቅርታ ብሏል። ለእሷ ግን ቁጥር ጽፎላት ሄደ። ጣቷን ቀለሙ ላይ አሳረፈች። ደርቋል። ግድግዳው ፀሐይ ሲመታው ውሎ ይሞቃል፤ የሰው ገላ ይመስል ነበር። በሩን ከፍታ ገባችና ከውስጥ ዘጋችው። መብራት አላበራችም።

ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን ኑሮዋን ኑሮ ካላችሁት፣ ጧት ሆስፒታል፣ ከሰዓት ሱቅ፣ ማታ ባዶ ቤት ነው። ሰው አልጠፋም፤ ሰው መች ይጠፋል። "አይዞሽ" ይሏታል። "እግዚአብሔር ያውቃል" ይሏታል። "አሜን" ትላለች። በሩ ሲዘጋ ግን አሜኑም አብሮ ይወጣል። ለጸሎት ስትንበረከክ የሚመጣላት ቃል አልነበረም። ድሮ ከእግዚአብሔር ጋር ስታወራ እንደ ጎረቤት ነበር፤ ስለ ጠፋው መቀስ ሳይቀር ትነግረው ነበር። አሁን ጉልበቷ መሬት ነክቶ አፏ ዝም ይላል። መልስህን በግድግዳዬ ላይ ጽፈኸዋል፣ ትላለች በልቧ። ምን ልጨምር?

በአምስተኛው ሳምንት እሑድ ቤተ ክርስቲያን አርፍዳ ገባች። ከበሩ አጠገብ፣ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከፊት በስተቀኝ በኩል የምታውቀው ማጅራት ታያት፤ ፀሐይ ያቃጠለው፣ ፀጉሩን መቆረጥ የረሳ። በመዝሙሩ መሀል ዘወር አለ። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። የቆየው አንዲት ስፌት እስክትጠልቅ ያህል ነው። ፊቱ ላይ ያየችው ፍርሃት ነበር። የሚያፍር ሰው ፊት ነው ብላ ተረጎመችው፤ ዓይኗን ሰበረች። ቀና ስትል ማጅራቱ ብቻ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ መልሷን ጻፈች። አራት ገጽ ሞላ። የመጨረሻው ቃል "አይሆንም" የሚል ነው። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያም ጨርቅ ልትቆርጥ መቀሷን አንሥታ በጠመኔ ያሰመረችበትን ሳተች።

አርባ ስምንተኛው ቀን ቅዳሜ ነው። በጥየቃ ሰዓት አባቷን ትራስ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ንግግራቸው ተመልሷል፤ ግን እያንዳንዱን ቃል እንደ ከባድ ድንጋይ ተሸክመው ነው የሚያወጡት።

"ነገ አይደለም እንዴ?" አሉ።

"ነገ ነው።"

"ምን ልትያቸው ነው?"

"አይሆንም።"

አባቷ አዩዋት። "እግዚአብሔር ነው ያለሽ?"

"ከዚህ በላይ ምን ይበለኝ አባዬ?" ቀስ ብላ ልትናገር አስባ ነበር፤ ድምፅዋ አልታዘዘላትም፤ የጎረቤት አልጋ አስታማሚዎች ዞሩ። "ልጠይቀው ብዬ በጀመርኩ በአሥራ ሰባት ቀኔ አንተን ጣለ። ቀጥሎ አንተ የሠራኸውን ቤት ሊያፈርስብኝ ነው። ደግሞ ሰው ጠፍቶ እሱን ላከብኝ፤ በእሱ እጅ አስጻፈው። እኔ የተማርኩ አይደለሁም፤ ይህንን ግን ማንበብ አያቅተኝም።"

የአባቷ ግማሽ ፊት ፈገግ አለ፤ ሌላው ግማሽ እንደተኛ ነው። "ቱንቢዬን ታስታውሻለሽ?"

ታስታውሳለች። ግንቡ ቀጥ ማለቱን የሚለኩባት፣ ክር ላይ የምትንጠለጠል ሾጣጣ ብረት። ልጅ ሆና ክሩን ትይዝላቸው ነበር።

"ስትለቂያት ምን ታደርጋለች?"

"ትወዛወዛለች።"

"እየተወዛወዘች ባነብባት ኖሮ" አሉ፣ አረፍ እያሉ፣ "በሕይወቴ አንድ ቀጥ ያለ ቤት አልሠራም ነበር። አሁን እየተወዛወዘች ነው፣ ልጄ። ዝም ብለሽ ያዣት። እስክታርፍ አታንብቢ።"

"እጄ ደከመ እኮ አባዬ።"

ይህን ስትል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አባቷ በጎ እጃቸውን ዘርግተው እጅጌዋን ያዙ፤ እጇ ላይ መድረስ አልቻሉም።

"ይደክማል። እኔም እዚህ ተጋድሜ ለምን አልኩት፤ ዕድሜ ልኬን ብዬው የማላውቀውን። አልመለሰልኝም። ብቻዬን ግን አልሆንኩም። እንዴት አወቅህ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ይህንን ያህል ከተናገርኩ ነገ አፌ አይከፈትም።"

ሳቀች፤ ሳቁ ግማሹ ላይ ተቋረጠባት። የጥየቃው ሰዓት አለቀ ተብሎ ሲደወል ተነሥታ ብርድ ልብሱን አስተካከለች። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ በአውቶብስ አልተሳፈረችም። ረጅሙን መንገድ በእግሯ ሄደች። አላመነችም፣ አልካደችም፤ ዝም ብላ ያዘች።

የአርባ ዘጠነኛው ቀን ስብሰባ ከአምልኮ በኋላ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነበር። ወንበሮች ተደራርበዋል። የመዘምራን ልብስ በተርታ ተሰቅሏል፤ የአንዱ ጠርዝ ስፌቱ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል፤ ሰፊዋ ሌላ የምታይበት ስታጣ እሱን አየች። መጋቢው ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጠዋል። ዳይሬክተሯ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ በመስኮቱ በኩል አሉ። ቀያሹ ገባና በሩ ላይ ቆመ፤ ከዚያ የተቀመጠበት ወንበር ከእሷ ሦስት ክንድ አይርቅም። ከስቷል። የኮሌታው ቁልፍ በአንዲት ክር ነው የተንጠለጠለችው። ያቺ ቁልፍ ናት ያስጨነቀቻት። የሚሰፋለት ሰው አጥቶ ነው፣ አለች በልቧ፤ በዚህች ሐሳብ ደግሞ በራሷ ተናደደች።

መጋቢው ጸለዩ፤ አጭር ነበር። "ወረቀታችሁን" አሉ። ቀያሹ ሰጠ። ሰፊዋ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ወረቀቷን ይዛ ቀረች። መጋቢው አልጎተጎቷትም። የእሱን ገለጡና ማንበብ ጀመሩ።

"'አርባ ዘጠኝ ቀን ጸለይኩ። ድምፅ አልሰማሁም፣ ሕልም አላየሁም። በሃያ ሁለተኛው ቀን መሥሪያ ቤቴ አዲሱን መንገድ እንድቀይስ ላከኝ። መስመሩ በሱቋ ላይ አለፈ። መሣሪያዬ ተሳስቶ ነው ብዬ አራት ጊዜ ለካሁ። አልተሳሳተም። ወደ ማዶ ባዞረው የሕፃናቱ ክሊኒክ ላይ ይወጣል። በሯን ተዘግቶ አገኘሁት። እንዳንተያይ፣ ቃሏን ልትጠብቅ ብላ ዞር ያለች መሰለኝ፤ በልቤ አመሰገንኳት። ጎረቤቷ ምን ልበልልህ ሲለኝ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ለእግዚአብሔር የገባሁት ቃል ነው ብዬ ዘጋሁት። ቁጥሩን ሌላ ሰው እንዲጽፈው አልፈለግሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ እግዚአብሔርን የምለምነው ስለዚያ ግድግዳ ይቅር እንድትለኝ ነው። አይሆንም ካለች አትፍረዱባት። የእኔ መልስ እሺ ነው። ምልክት አይቼ አይደለም። ሳላይም ስለማምነው ነው።'"

መጋቢው ወረቀቱን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"የሱቄ በር ለምን እንደተዘጋ አልጠየቅህም?" አለች ሰፊዋ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ሆነ።

"ቃላችን..."

"አባዬ ወድቆብኝ ነበር። ግማሽ ጎኑ ሽባ ሆኖ። አንተ ግድግዳውን ስትለካ እኔ በማንኪያ ውኃ ሳጠጣው ነበር።"

ከወንበሩ ተነሣ። ወደየት ሊሄድ እንደሆነ እሱም አላወቀ፤ ብቻ ቆመ። "መቼ?"

"በአሥራ ሰባተኛው ቀን።"

"ማንም አልነገረኝም።" ወደ መጋቢው ዞረ። "መጋቢ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"እኔም ከወር በኋላ ነው የሰማሁት። ታውቃለህ ብዬ" አሉ መጋቢው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

"እኔ አውቅ ነበር።"

የተናገሩት ዳይሬክተሯ ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀዋል፤ ያለ መነጽር ፊታቸው የሌላ ሰው፣ ያረጀ ሰው ነበር።

"በወደቁ በሦስተኛው ቀን ሰማሁ" አሉ። "ሆስፒታሉ ድረስ ሄጄ በበሩ መስታወት አየኋት። ጎንበስ ብላ የአባቷን እግር ታሻለች። አልገባሁም። ቤት መጥቼ ለአንተም አልነገርኩህም።"

"እማዬ" አለ ቀያሹ።

"ፈተና ላይ መልስ አይነገርም። ሠላሳ ዓመት እንደዚያ ነው የሠራሁት። ተማሪ እያለቀሰ ሲያየኝ ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፌያለሁ፤ ብነግረው ፈተናው ይበላሻል እያልኩ። የእግዚአብሔርም ነገር እንደዚያ መሰለኝ።" መነጽሩን በመሀረባቸው ጠረጉት፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረበትም። "ልዋሽ አልፈልግም። ብትወድቂ ደስ ይለኝም ነበር። ግን ያን ቀን ካየሁሽ ወዲህ ለመጸለይ ስቀመጥ የሚታየኝ ያ መስታወት ነው። እሱ ደጅ ላይ ቆሞ የሚያይ አምላክ አይደለም፤ እኔ ነኝ ደጅ የቆምኩት። ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።"

ልጄ ሲሏት የመጀመሪያቸው ነው። ሰፊዋ መናደድ ነበረባት። ነገር ግን አሮጊቷ መነጽራቸውን መልሰው ማድረግ አቅቷቸው ሲታገሉ አየቻቸው፤ አንጀቷ አልችል አለ። "ይቅር ይበለን፣ እትዬ" አለች።

መጋቢው ወደ ሰፊዋ ዞሩ። "ያንቺ መልስ ቀርቷል።"

ሰፊዋ እጇ ላይ ያለውን ወረቀት አየች። "ይሄ መልሴ አይደለም ብዬ መዋሸት አልችልም፣ መጋቢ። እስከ ትናንት ድረስ መልሴ ይህ ነው።" ለእሳቸው አልሰጠቻቸውም። ወንበሯን ወደ ቀያሹ አዞረችና ለእሱ ዘረጋችለት። "አንተ ያልነበርክበት ቀን ሁሉ የት እንደነበርኩ ተጽፎበታል። መጨረሻው ላይ ያለውን ቃል ተወው። መልሴን በአፌ እነግርሃለሁ።"

ተቀበላት።

"እኔም ምንም አልሰማሁም" አለች። "አንተ አልሰማሁም ስትል ገረመኝ፤ እኔ ብቻ ነኝ ዝም የተባልኩት ብዬ ነበር። ሱቁ ይፈርሳል። አባዬ ቀኝ እጁን ምናልባት ዳግመኛ አያነሣትም። አንድም የተስተካከለ ነገር የለኝም። ሁሉ ሲስተካከል አምነዋለሁ ብዬ ብቀመጥ ሳላምነው ልሞት ነው። ስለዚህ ዛሬ፣ እንደዚሁ እንዳለሁ፣ ላምነው ነው። መልሴ እሺ ነው።"

ቀያሹ ሊናገር ሲል እጇን አነሣች።

"አልጨረስኩም። ከእንግዲህ እግዚአብሔርን ላክብር ብለህ ዝም እንዳትለኝ። አባዬን ጥሎብኝ፣ ቤቴን አፍርሶብኝ እንኳ እሱ አልተወኝም ነበር፤ ዛሬ ነው የገባኝ። የተውከኝ አንተ ነህ። ለእሱ ብለህ ነው የተውከኝ፤ እሱ ግን እንደዚያ አላለህም።"

ቀያሹ እሺ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። መጋቢው ቀስ ብለው ተነሥተው ዳይሬክተሯን በክንዳቸው ደገፏቸው። ሁለቱም ወጡ፤ በሩን ግን አልዘጉትም።

ቀያሹ ወረቀቱን ገለጠ። ከአዳራሹ ወንበር ሲደረደር ይሰማል፤ ከዚያ ያም ቀረ። የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሶ ሁለተኛው መሀል ላይ ቆመ።

"እዚህ ላይ 'ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙሬ በላሁ' ትያለሽ" አለ። "ለምን?"

"የአባዬ ወንበር ፊት ለፊት ነው። ባዶውን እንዳላይ ነው።"

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ማንበቡን ቀጠለ። ሰፊዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየዋለች። እያንዳንዱን ቀን ፊቱ ላይ ታገኘዋለች፤ ይሄ የሆስፒታሉ ኮሪደር ነው፤ ይሄ ጉልበቷ ተንበርክኮ አፏ የተዘጋበት ነው፤ ይሄ እሑድ ዓይኗን የሰበረችበት ነው። ለማንም ያልነገረችውን፣ ለእግዚአብሔር እንኳ መናገር ያቃታትን፣ አንድ ሰው አጠገቧ ሆኖ ከሥሩ ጀምሮ እያነሣው ነበር። ሰባት ሳምንት ሙሉ አንዲት ጠብታ ያልወጣው ዓይኗ ሞላ። አልጠረገችውም።

ወረቀቱን ገለበጠ። ያፈጠነ መሰላት።

"ቀስ ብለህ አንብበው" አለችው። "እኔ ቀስ ብዬ ነው የኖርኩት።"